ቀን የሚቆርጠው ሰው፣ ፈረስ የሚያደርሰው ጊዜ

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመቱ ስልክ ተደወለልኝ፡፡ የደወለው የእህቴ ልጅ ነው፡፡ ቡና ነጋዴ ነው፤ እንደ አገሩ ልማድ «ኤሱማ» እያለ ይጠራኛል፤ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው፡፡ ሰላምታውን እንኳን በወጉ አልጨረሰም፡፡

«ኤሱማ፣ ፈረስ ገዛሁ!»

«እሰይ! ምን ዓይነት ፈረስ?»

«መጋላ ድንጉላ ነው፡፡ ሻጩ አራት ዓመት ሞልቶታል ብሎኛል፡፡»

«ለምን አሰብከው?»

«ለጥምቀት ጉግስ ነዋ! ሰባት ወር አለኝ፡፡ አይበቃኝም ይላሉ?»

ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም፡፡ ጥያቄው ጠበቃ ዘንድ በየቀኑ የሚመጣውን ዓይነት ነው፡፡ ቀኑ ተቆርጧል፣ ባለጉዳዩ ቸኩሏል፣ ማስረጃው ግን ገና አልተመረመረም፡፡ ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ፡፡ ለጊዜው «እኔ እስክመጣ ድረስ ኮርቻ እንዳትጭንበት» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ፡፡ በሐምሌ ወደ መቱ ወረድኩ፡፡ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጉዞ የተገኘ ነው፡፡

ከእናንተ ከአንባብያን ብዙዎቻችሁ ፈረስ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፡፡ ይሁንና አንድን ወጣት ፍጡር ለተቆረጠ ቀን ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ለማንም አይጎዳም፡፡ ደግሞስ ስለ ፈረስ ስንት ተፎክሮ ስለ አገራሩ ይህን ያህል ጥቂት መጻፉ አያሳዝንም?

ስሙ የፈረስ የሆነ አገር

የኢሉባቦር ሰው ፈረስ ቢወድ አይፈረድበትም፡፡ የአገሩ ስም ራሱ የፈረስ ሽታ አለው፡፡ «ኢሉ አባ ቦራ» ሲባል «አባ ቦራ» የሚለው አሠራሩ የፈረስ ስም ነው፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መቻል» እንደተባሉት ማለት ነው፡፡ የጎረቤታቸው የጅማው ንጉሥ ደግሞ ዓለም የሚያውቃቸው «አባ ጅፋር» በሚለው ስማቸው ነው፡፡ ትልቅ ሰው በገዛ ስሙ ሳይሆን በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ፈረስን እንደ ዕቃ አይቆጥርም፡፡

ዛሬ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ መንገዶች ላይ ፈረስ ከጉግስ ይልቅ የቡና ጆንያ ተሸክሞ ነው የሚታየው፡፡ በከተማ ውስጥ ባጃጅ ቦታውን ወስዶበታል፡፡ ቢሆንም በዓል ሲደርስ፣ ሰርግ ሲመጣ፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ የፈረስ ነገር ይነሳል፡፡

በአገራችን ይህ ፍቅር በትልቁ ተደራጅቶ የሚታየው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው፡፡ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፡፡ ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል፡፡ መነሻውም ፈረሶች በዐድዋ የዋሉትን ውለታ ማስታወስ ነው፡፡ በዚያ ሜዳ ሽምጥ ይጋለባል፣ ጉግስ ይገጠማል፣ በግላስና በመርገፍ ያጌጠ ፈረስ በሰልፍ ያልፋል፡፡ የእህቴ ልጅም ልቡ የተነሳው ይህንን በቴሌቪዥን አይቶ ነው፡፡ የእሱ ሜዳ የመቱው ነው፤ የእሱ ቀን ጥር 11 ነው፡፡ ምኞቱ ግን ያው ነው፡፡

የጎሬው ዳማ

ዝም ያልኩበትን ምክንያት አሁን ልናገር፡፡

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎሬ ነበርን፡፡ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፡፡ አባቴ ገና ሦስት ዓመት የሞላው ዳማ ፈረስ ነበረው፡፡ ማንም ሳይገራው ራሱ የተገራ የሚመስል፣ ሰው የሚወድ እንስሳ ነበር፡፡ ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ለሥራ ወጣ፡፡ እኔም ፈረሱን አወጣሁት፡፡ በየቀኑ እስኪያልበው ድረስ ጋለብኩት፡፡ ፈጣን ነበር፤ ፍጥነቱን ሳይ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር ያለ አልመሰለኝም፡፡

በሁለተኛው ሳምንት መሰናከል ጀመረ፡፡ ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጭራውን ያወናጭፋል፡፡ «ሰነፍ» አልኩና አለንጋ አነሳሁበት፡፡ የበዓሉ ዕለት በሦስተኛው ዙር አባራሪው ሲደርስብኝ ዛቡን በኃይል ወደ ግራ ሳብኩ፡፡ ፈረሱ እንዳዘዝኩት ዞረ፡፡ የግራ የፊት እግሩ ግን አልዞረለትም፡፡ ጅማቱ ሲለቅ ከኮርቻው ላይ ሆኜ ተሰማኝ፡፡

አልሞተም፡፡ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልሮጠም፡፡ ለጭነት ተሸጠ፡፡ ከወራት በኋላ የቡና ጆንያ ተጭኖ እያነከሰ ከገበያ ሲመለስ አየሁት፤ መንገድ ቀይሬ ሄድኩ፡፡ አባቴ አልገረፈኝም፡፡ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነግሮህ ነበር፤ አልሰማኸውም፡፡» ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ የክስ መዝገብ ተሸንፌአለሁ፤ የቀረኝ ቁጭት ግን የዳማው ነው፡፡

ጥርስ አይዋሽም

መቱ እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግነው የመጋላውን አፍ ከፍቶ ማየት ነው፡፡ ሻጭ ዕድሜ ይጨምራል፣ ሻጭ ዕድሜ ይቀንሳል፤ ጥርስ ግን ምስክርነቱን አይለውጥም፡፡

የፈረስ የታችኛው የፊት ጥርሶች ስድስት ናቸው፡፡ በወተት ጥርስ ይጀምርና ጥንድ በጥንድ ይለውጣቸዋል፡፡ የመካከሎቹ ሁለት በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ የዳሮቹ ደግሞ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፡፡ አምስት ሲሞላው አፉ ሙሉ ይሆናል፡፡ የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ ቋሚው ትልቅና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፡፡ መጋላው ሁለተኛውን ጥንድ ገና አሁን አውጥቷል፤ የዳሮቹ የወተት ናቸው፡፡ ስለዚህ ሦስት ዓመት ተኩል እንጂ አራት አልሞላውም፡፡ በመጪው ጥምቀት አራት ይሆነዋል፤ በሚቀጥለው አምስት፡፡

ልዩነቱ የስድስት ወር ብቻ ነው ትሉ ይሆናል፡፡ ነገሩ ያለው አጥንቱ ላይ ነው፡፡ የወጣት ፈረስ አጥንት ጫፉ ላይ ገና ወደ አጥንትነት ያልተለወጠ ቅርጭጭት አለው፡፡ ይህ ቅርጭጭት የሚዘጋው ከታች ወደ ላይ እየሄደ ነው፡፡ ከሰኮና በላይ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች በመጀመሪያው ዓመት ገደማ፣ ከፊት ጉልበት በላይ ያለው በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ፣ የላይኞቹ የኋላ እግር አጥንቶች በሦስትና በሦስት ዓመት ተኩል ይዘጋሉ፡፡ ከሁሉም የሚዘገየው፣ ኮርቻውና ሰውየው የሚያርፉበት አከርካሪ ነው፤ እሱ እስከ አምስተኛው ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፡፡

ሁለተኛም ነገር አለ፡፡ ፈረስ ሥራ ሲጀምር ልብና ሳንባው በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፡፡ ጡንቻው ወራት ይፈጃል፡፡ ጅማትና አጥንት ግን ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋሉ፡፡ አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ ፈረሱ ትንፋሽ አግኝቷል፣ መሮጥ ይፈልጋል፣ ባለቤቱም «ደርሷል» ይላል፤ እግሩ ግን ገና አልደረሰም፡፡ የጎሬው ዳማ ያጋጠመው ይኸው ነው፡፡

ጉግስ ምን ይጠይቃል?

ጉግስ እሽቅድምድም ብቻ አይደለም፡፡ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንግ ይወረውራል፣ ተባራሪው በጋሻ ይመክታል፡፡ ስለዚህ ፈረሱ አራት ነገር ማወቅ አለበት፡፡ ከቆመበት ተነስቶ መፈትለክ፣ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ቆሞ በኋላ እግሩ ላይ መዞር፣ በከበሮ፣ በእልልታና በሰው ግርግር መካከል አለመደንበር፣ እንዲሁም አንድ እጅ ብቻ ለሚይዘው ዛብ መታዘዝ፤ ሌላው የጋላቢው እጅ ጋሻ ወይም ዘንግ ይዟልና፡፡

ከአራቱ የመጀመሪያውን ፈረሱ ይዞት ይወለዳል፡፡ ሦስቱን ሰው ያስተምረዋል፡፡ ብዙዎቻችን ግን የምናለማምደው እሱ የሚያውቀውን ነው፡፡ ማስጋለብ ደስ ይላል፤ ማቆም ግን አሰልቺ ነው፡፡

በሌላው ዓለም ይህንን የሚመስል ነገር የአሜሪካ የከብት ፈረስ ውድድር ነው፡፡ ፈረሱ አንዲትን ላም ከመንጋ ይለያል፣ በዛብ ትእዛዝ ብቻ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ከዚያም ሜዳ ላይ የምትሮጥ ላምን ቀድሞ ይመልሳል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደውና በአሁኑ ጊዜ ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ላይ የሚደረገው ትልቁ ውድድራቸው የተወሰነው ለሦስት ዓመት ፈረሶች ነው፡፡ አሸናፊው ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ የሚያገኝባቸው ዓመታት አሉ፡፡ ገንዘቡ ሲጨምር ችኮላውም ይጨምራል፤ በሁለት ዓመቱ ኮርቻ የሚጫንበት ፈረስ ብዙ ነው፡፡ «ወጣት ፈረስ በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል መጠየቅ አለበት ወይ?» የሚለው ክርክር በእነሱም ዘንድ አልተዘጋም፡፡

የሚገርመው የዚህ ጥበብ አባቶች የሆኑት የድሮዎቹ የካሊፎርኒያ ከብት ጠባቂዎች አለመቸኮላቸው ነው፡፡ ፈረሱን መጀመሪያ ያለ ብረት፣ በአፍንጫ ማሰሪያ ብቻ ይገሩታል፡፡ ብረቱን አፉ ውስጥ የሚያስገቡት ቀስ በቀስ ነው፤ ሙሉ ፈረስ ለመባል ዓመታት ያልፋሉ፡፡ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የእኛን ተረት ማንም ሳይነግራቸው ያወቁት ይመስላል፡፡

ከጥምቀት ወደ ኋላ መቁጠር

ዕቅድ የሚጀምረው ከመጨረሻው ቀን ነው፡፡ እኛም በመቱ ሰገነት ላይ ቁጭ ብለን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከጥር 11 ወደ ኋላ ቆጠርን፡፡ መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «የትኛው ጥር 11?» የሚል ነበር፡፡

ኢሉባቦር የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፡፡ ጎሬ በአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት፡፡ በዚያ አካባቢ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፡፡ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ፈረስ ማስጋለብ ጅማት መስበር ነው፡፡ ስለዚህ ሰባት ወር ተብሎ የተቆጠረው ጊዜ ሲመነዘር፣ ደረቅ መሬት የሚገኝበት ሁለት ወር ከምናምን ብቻ ሆነ፡፡ የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ፡፡ እኔም ወደ አሥራ ዘጠኝ ወር የሚጠጋ ዕቅድ አቀረብኩለት፡፡

ከሐምሌ እስከ መስከረም ኮርቻ የለም፡፡ ፈረሱ በገመድ መመራትን፣ ሲባል መቆምን፣ ሲባል ወደ ኋላ መሄድን፣ አራቱንም እግሩን ሳይፈራገጥ መስጠትን ይማራል፡፡ ጃንጥላ ሲከፈት፣ ነጠላ ሲወዛወዝ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ከበሮ ሲመታ እንዲለምድ ይደረጋል፡፡ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፡፡

በጥቅምትና በኅዳር ባዶ ኮርቻ፣ ቀጥሎ ቀላል ጋላቢ፤ እርምጃ ብቻ፡፡ በታኅሣሥ አጭር ሶምሶማ ይጨመራል፡፡

ከዚያ የመጀመሪያው ጥምቀት ይመጣል፡፡ መጋላው ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ ግን አይገባም፡፡ ከዳር ቆሞ ያያል፡፡ ሕዝቡን፣ እልልታውን፣ የሌሎቹን ፈረሶች ግልቢያ እየሰማ ሣሩን ይግጣል፡፡ ከሁሉም በላይ የማምንበት ትምህርት ይኼ ነው፡፡ ሜዳውን ከድንጋጤ ጋር ሳይሆን ከዕረፍት ጋር ካወቀው፣ በዓመቱ ሲመለስ ቤቱ ይሆናል፡፡

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዋናው ትምህርት ነው፡፡ ዳገት በእርምጃ መውጣት፣ ረዘም ያለ ሶምሶማ፣ ሰፊ ክብ፣ ቀስ ብሎ መቆም፣ ቀስ ብሎ መዞር፡፡ እዚህ ላይ ከአሜሪካኖቹ አንድ ነገር ወስደናል፡፡ ጎረቤቱ ከብቶች አሉት፤ ፈረሱ ማታ ማታ ከብቶቹን በእርምጃ እየተከተለ ወደ በረት ያስገባል፡፡ ላሟ ስትዞር ይዞራል፣ ስትቆም ይቆማል፡፡ ዛብ ሳይሳብ፣ አለንጋ ሳይነሳ የሚንቀሳቀስ ነገርን ዓይቶ መከተል ይማራል፡፡ ይህ በኋላ ለጉግስ የሚያስፈልገው ነው፡፡

ከግንቦት እስከ ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ዕረፍትና ቀላል እርምጃ፡፡ ከመስከረም ጀምሮ አቅሙ እንደገና ይገነባል፡፡ በኅዳር ለስላሳ ግልቢያ ይጀመራል፡፡ በታኅሣሥ፣ አምስት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን ሽምጥ፣ ከሌላ ፈረስ ጋር መባረርና ማባረር፣ ዘንግ መወርወር፡፡ በከባድ ቀኖቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀላል ቀን ይገባል፡፡ በመጨረሻው ሳምንት ሥራው ይቀንሳል፡፡ ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጠና ተማሪ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፡፡

ሚዛን፣ መኖና በሽታ

ቀኑን ቆጥሮ ማስቀመጥ ብቻውን አያደርስም፡፡ የእህቴ ልጅ ቁመናው ሙሉ ነው፤ ሰማንያ ኪሎ ይሆናል፡፡ የፈረሱን ክብደት በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፡፡ ዘዴው ቀላል ነው፡፡ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ያንን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት ማባዛት፣ ውጤቱን ለ11,880 ማካፈል፡፡ የመጋላው ደረት 145፣ ርዝመቱ 140 ሆነ፤ ወደ 248 ኪሎ ማለት ነው፡፡ ፈረስ ሳይጎዳ ይሸከማል የሚባለው ከክብደቱ ከመቶ 20 ገደማ ነው፤ ከ50 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፡፡ ሰማንያ ኪሎ ሰው ከኮርቻ ጋር ከመቶ 35 ያልፋል፡፡ ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ «ቀላል ጋላቢ» ያልኩት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ባለቤቱ የሚወጣበት መጨረሻ ላይ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ይህን ስነግረው ሆዱን ዳበስ አድርጎ «እኔም ልሰልጥን ማለት ነዋ!» አለ፡፡ እውነቱን ነው፡፡

መኖው ሲደርቅ ከፈረሱ ክብደት ከመቶ 2 እስከ 2.5 ይሆናል፡፡ ለመጋላው በቀን ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ማለት ነው፤ አብዛኛው ሣር፣ ሥራው ሲጨምር ጥቂት እህል፣ ጨውና ንጹሕ ውኃ፡፡ በኢሉባቦር አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ፡፡ እርጥበት ባለበት አገር በቆሎ ይሻግታል፡፡ የሻገተ በቆሎ የፈረስን አንጎል በሚያበላሽ መርዝ ይገድላል፤ ላም የተረፈችበት ፈረስ አይተርፍም፡፡ «ለሰው የማይሆነውን ለፈረሱ ስጠው» የሚለው ልማድ እዚህ ገዳይ ነው፡፡

በሽታን በተመለከተ ሁለቱን ብቻ ላንሳ፡፡ አንደኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው፡፡ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚበረታው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው፡፡ በከባድ መልኩ ከአሥር ፈረስ እስከ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል፡፡ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፡፡ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ከሚያመርታቸው ክትባቶች አንዱ ነው፡፡ ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ስላለው ክትባቱ የትኛውን እንደሚሸፍን የእንስሳት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፡፡ ክትባቱ በሽታው ከሚነሳበት ወቅት ሳምንታት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ማታ ማታም ፈረሱን በረት ማሳደር ይረዳል፡፡

ሁለተኛው ገንዲ ነው፡፡ በደዴሳ ሸለቆና በቆላማው አካባቢ የቆላ ዝንብ አለ፡፡ በደሌ ላይ ለዚሁ በሽታ ምርመራና ቁጥጥር የተቋቋመ ማዕከል መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ፈረስ ከቆላ ገዝቶ ወደ መቱ የሚያመጣ ሰው፣ ወይም በደዴሳ በኩል የሚያሻግር፣ ፈረሱ ሲከሳ፣ ዓይኑ ሥር ሲገረጣ፣ ትኩሳት ሲመላለስበት «ደክሞት ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም፡፡ ደም ያስመርምር፡፡

ልጓምንም ልብ በሉ፡፡ የእኛ ባህላዊ ልጓም ብዙውን ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው፡፡ በትንሹ ሲሳብ ብዙ ያሳምማል፡፡ በሰለጠነ እጅና በሰለጠነ ፈረስ ላይ ያምራል፤ በጀማሪ እጅ ግን የማሰቃያ መሣሪያ ነው፡፡ ጥርስ እየለወጠ ላለ ፈረስማ አይነሳ፡፡ መጋላው እስከ ሁለተኛው ዓመት መስከረም ድረስ በገመድ አፍንጫ ማሰሪያ ነው የሚነዳው፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

የሕግ ሰው ሆኜ ይህን ሳላነሳ ብቀር ሙያዬ ይታዘበኛል፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ከቁጥጥሩ በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ማወቅ ባይችልም እንኳን፡፡ «ሳላስበው አመለጠኝ» የሚለው መከራከሪያ አይረዳም ማለት ነው፡፡

በሌላ በኩል አንቀጽ 2068 ስፖርትን ይመለከታል፡፡ ሰው በስፖርት ጨዋታ ላይ ሳለ ተወዳዳሪን ወይም ተመልካችን ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የጨዋታ ሕግ መጣስ ከሌለ በስተቀር እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፡፡ ጉግስ ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ሥር ይወድቃል? ጠበቆች ሊከራከሩበት ይችላሉ፡፡ በእኔ አስተያየት ሕዝብ ወደ ሞላበት ሜዳ ገና ያልተገራ ድንጉላ ይዞ የገባ ሰው «ጨዋታ ነው» ብሎ ለማምለጥ ይቸግረዋል፡፡ ጨዋታው የራሱ ሕግ አለውና፤ ከሕጎቹም የመጀመሪያው ፈረስህን ማወቅ ነው፡፡ የወንጀል ሕጉም እንስሳን ማሰቃየትን ያስቀጣል፡፡ ሕጉ ላይ ሳንደርስ ግን ሜዳው ዳር የቆመ ሕፃን ልጅ መኖሩን ማሰብ ይበቃ ነበር፡፡

አዋቂው ምስክር

ከመመለሴ በፊት ከጎሬ አንድ ሽማግሌ ጋር ተገናኘን፡፡ በወጣትነታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ እኔ ዳማውን የሰበርኩ ዕለትም ሜዳው ላይ ነበሩ፡፡ እንደማያስታውሱ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ያስታውሳሉ፡፡ ዕቅዳችንን በጥሞና ካደመጡ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁ፡፡ «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፡፡ ፈረሱ እንቢ ያለ ዕለትስ ምን ታደርጋላችሁ?»

ለእሳቸው የሰጠነው መልስ የዕቅዱ የመጨረሻ ገጽ ሆነ፡፡ ጠዋት ጠዋት ከመንጋጋው ሥር የልብ ምቱ ይቆጠራል፡፡ በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ የራሱ ልክ ታውቆ ከዚያ ከፍ ብሎ ካደረ የዚያ ቀን ሥራ ይቀራል፡፡ ከግልቢያ በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ወደ 60 ገደማ ካልወረደ ሥራው በዝቶበታል፡፡ የፊት እግሩ ጅማት በየማታው በእጅ ይዳሰሳል፤ የሞቀ ወይም ያበጠ ከሆነ እስኪበርድ ዕረፍት ነው፡፡ ጀርባው ላይ ቁስል ካለ ኮርቻ የለም፡፡ ሁለት ቀን በተከታታይ ከተሰናከለ ሁሉም ነገር ይቆማል፡፡ ከነዚህ አንዱ በጥር 10 ማታ ቢታይስ? ያኔም ይቀራል፡፡ ለዚህ ይግባኝ የለውም፡፡

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፡፡ «አባትህ ቢሰማህ ደስ ይለው ነበር» አሉኝ፡፡ ሌላ አልጨመሩም፡፡

የእህቴ ልጅስ? አኩርፎ ነበር፡፡ ለጓደኞቹ «ዘንድሮ ታዩኛላችሁ» ብሎ ፎክሯል፤ ፉከራን መመለስ ከባድ ነው፡፡ ማታ ግን ወደ በረቱ ሄዶ ለረጅም ጊዜ ቆየ፡፡ ሲመለስ «ኤሱማ፣ የዳር ጥርሱ መቼ ነበር የሚለወጠው ያሉኝ?» አለኝ፡፡

«ከአንድ ዓመት በኋላ፡፡»

«እንግዲያው ዘንድሮ ሁለታችንም ከዳር ቆመን እናያለን፡፡»

ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር፡፡ መጋላው አራቱንም እግሩን ይሰጣል፤ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ያዞራል እንጂ አይደነብርም፡፡ ገና ኮርቻ አላየም፡፡ በመጪው ጥር 11 መቱ ሜዳ ዳር አንድ ግርማ ያለው መጋላ ፈረስ ያለ ጋሻ፣ ያለ ግላስ፣ ሣር ሲግጥ ብታዩት ለውድድር ያልበቃ ፈረስ እንዳይመስላችሁ፡፡ ቀጠሮው የሚቀጥለው ዓመት ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡